ከጎንደር ለጎንደር

አባቴ አዛናው ሲሞት የተወልኝ ቆርቆሮ
ብስኩት ነበረው ድሮ።
የዛገ ክዳኑን በቢላ ፈልቅቄ ባየው
ወርቅ የለ፣ ብር የለ፤ ደብዳቤ ነው።
«ተቀባዩ አልተገኘም» ተብሎ የተጻፈባቸው፣
አንዳንዶቹን አይጥ ከጥግ ከጥጋቸው የቀመሰቻቸው።

ሠላሳ ዓመት ቆመ፣ ፒያሳ፣ ፖስታ ቤቱ መስኮት ሥር፣
ጣሊያን ትቶት በሄደው ግንብ፣ ከእንጨት ባንኮኒው ጋር፣
ማኅተም እያነሳ ማኅተም እየጣለ፤
ቀኝ ትከሻው ከግራው ዝቅ እንዳለ።

የድሮው ሹም ይቆጣው ነበር፦
«አዛናው! ፊታቸውን አትንካ! ጥጉን ጫር አድርገው፣ ከዳር።»
ሹሙ ተሻረ። ቴምብሩ ግን ከመሳቢያው አላለቀም።
አዲስ ሹም መጣ፤ ቁጣው ግን አዲስ አልነበረም፦
«አዛናው! ምን ያሳሳሃል? ፊቱን ምታ! ግንባሩን!»
መታ። ማታ ቤት ሲገባ በሳሙና ያሽ ነበር ጣቱን።
ከ«ፊታቸው» እስከ «ፊቱ» አንድ ክረምት ብቻ ነው፤
ያው እጅ፣ ያው ቀለም፣ ያው መዶሻ ነው።

ከሁሉም በታች፣ ከቆርቆሮው ወለል ተጣብቆ፣
አንድ ፖስታ አገኘሁ፤ አድራሻው ከዳር እዳር አጨናንቆ።
ዘመኑ ሰባ፣ ወሩ ኅዳር። ከጎንደር ለጎንደር።
በእግር ሩብ ሰዓት ለማይሞላ መንገድ፣ ሰው ቴምብር ገዝቶ ነበር።

«ይድረስ ለወይዘሮ አንጓች ብሩ።
ከጃንተከል ዋርካ ወደ ታች፣ ሰባት ደረጃ ሲቆጥሩ፣
ከልብስ ሰፊው ከአቶ ጥጋቡ ቀጥሎ ባለው ጠባብ መንገድ፣
ዝናብ ከሆነ በግራው ጥግ፤ በቀኙ ጎርፍ ስለሚወርድ።
የሾላው ጉቶ አለ፤ እሱን አልፎ፣
በሩ ሰማያዊ፣ ቀለሙ ከታች ተገፎ።
ማጠፊያው ይጮኻል፤ ከፍ አድርገው ቢገፉት ግን አይሰማም።
ውሻው ስሙ ቻለው ነው። ቻለው ካሉት አይጮህም።»

የላኪው ስም የለም።
ሙጫው እንደታሸገ ነው፤ አባቴ አልከፈተውም።
እኔ ከፈትኩት። ባዶ።
አንዲት መስመር የለችበትም።

የት ጣሪያ ሥር፣ የማን ጓዳ ተደብቆ ነበር፣ እንጃ፤
በዚያ ዓመት አንዲት ቃል ትበቃ ነበር ለማስረጃ።
ስለዚህ መንገዱን ጻፈላት። መንገድ ማንን ይከሳል?
ያላበደ፣ ያልሞተ ሰው ብቻ የማጠፊያ ድምፅ ያስታውሳል።

ሣጥን ለሌለው ሁሉ፣ ከሥራ ሲወጣ በእጁ የሚያደርስ አባቴ
ይህን አላደረሰውም። ሲዞር ኖረ ከቤቴ።
ፈርቶ ይሆናል።
«ይሆናል» የምለው ልጁ ስለሆንኩ ነው።
ማኅተሙም ይናገራል፤ እጁ አየር ላይ አመነታ፣
ፊቱንም አልሳተ፣ ፊቱንም አልመታ፤
ግማሹ ከወረቀቱ፣ ግማሹ ከቴምብሩ ላይ ዐረፈ፤
«ጎን» ከውጭ ቀረ፣ «ደር» ከዘውዱ ላይ ተጻፈ።

ቴምብር ሰብሳቢ መጣ፤ በማጉያ መነጽር አጮልቆ፣
«ፖስታው ይቅርብኝ» አለና ቆረጠው፣ በመቀስ ተጠንቅቆ።
የቤት ኪራይ ደርሶ ነበር። ሸጥኩለት።
«ደር»ን በብልቃጥ ወረቀት ጠቅልሎ ከኪሱ ከተተ።
እኔ ዘንድ ጎን ቀረ፤
ሌሊት ሌሊት የሚወጋ፣ በየትም ቢገላበጡ የማይመች ጎን ቀረ።

ቅዳሜ ጠዋት ፖስታውን ይዤ ወረድኩ።
ዋርካው አለ። ከሰባቱ ደረጃ አምስቱን ቆጠርኩ።
ልብስ ሰፊው ቤት ሞባይል ይጠግናሉ።
ጉቶው ላይ ሁለት ልጆች ቁጭ ብለው ቆሎ ይበላሉ።
ዝናብ ሳይኖር በግራው ጥግ፣ ጥግ ጥጉን ሄድኩ።
በሩ አሁን ቆርቆሮ ነው፤ አንኳኳሁ።

አንዲት ወጣት ከፈተች። «ማንን ፈልገው ነው?» አለችኝ።
አንጓች ልል አፌን ከፈትኩ፤ ስሙ ከበደኝ።
«ቻለው» አልኩ።
«እንደሱ የሚባል ሰው እዚህ የለም።»

ልትዘጋው ስትል፣ ከውስጥ፣ መብራት ካልበራበት ክፍል፣
የአሮጊት ድምፅ፦
«እንዴ! ማነው እሱ፣ ቻለው የሚል?»